«እማማ፣ ደግሞ ፍልስፍና ጀመሩ!»

ባለፈው ሳምንት ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። የሥራ መውጫ ሰዓት ነው፤ ሰልፉን ታውቁታላችሁ፣ አልተርከውም። መንገዱ ተዘጋግቶ ስንቆም፣ ከፊት የተቀመጠ ጎልማሳ በመስኮት እያየ «ከተማ ማለት አሁን ነው!» አለ። ሰፊውን የእግረኛ መንገድና መብራቱን ማለቱ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ ነጠላ የለበሱ እናት «አዎ፣ ያምራል» አሉ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «እኔ ግን ከሰፈሬ ከተነሳሁ ወዲህ ዕድሬ ተበተነ። የደረሰኝ ቤት ጥሩ ነው፣ ውኃም መብራትም አለው። ብሞት ግን ማን እንደሚቀብረኝ አላውቅም» አሉ።

«እማማ፣ ለሕዝብ ጥቅም እኮ ነው» አለ ጎልማሳው፣ በትህትና።

«የትኛው ሕዝብ ነው ልጄ? እኔ ሕዝብ አይደለሁም?»

«እማማ፣ ደግሞ ፍልስፍና ጀመሩ!»

ታክሲው በሳቅ ፈነዳ። እሳቸውም ሳቁ። እውነቱን ለመናገር እኔም ስቄያለሁ። ረዳቱ ደግሞ «በቃ ወደ ፖለቲካ አትግቡብን፣ ይልቅ ሒሳብ!» ብሎ ጨዋታውን ዘጋው።

ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ሳቄ አሳፈረኝ። ሴትዮዋ የጠየቁት የዋዛ ጥያቄ አይደለም። ትልልቅ መጻሕፍት የተጻፉበት፣ መንግሥታትም የወደቁበት ጥያቄ ነው። እኛ ደግሞ በሁለት ቃላት ዘጋነው፤ አንዱ «ፍልስፍና»፣ ሌላው «ፖለቲካ»።

በአማርኛችን የሁለቱም ስም ጠፍቷል። «አትፈላሰፍብኝ» ማለት ነገር አታወሳስብ፣ ዝም በል ማለት ነው። «ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ» የሚለውን ደግሞ ከእናት አባቶቻችን ሰምተን አድገናል። አንድን ሰው «ፖለቲከኛ ነው» ስንል ብዙ ጊዜ ማሞገሳችን አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ስለእነዚህ ሁለት ስማቸው ስለጎደፈ ዘመዳሞች ላወራችሁ ነው።

ሐሳቤን በአጭሩ ላስቀምጠው። ፖለቲካን የሚያጠና ሰው ዋና ጥያቄው «ምን ሆነ? እንዴት ሆነ? ማን ወሰነ? ማን አገኘ፣ ማን አጣ?» ነው። ፍልስፍና ደግሞ «መሆን ነበረበት ወይ? የምንጠቀምበት ቃልስ ምን ማለት ነው?» ይላል። የመጀመሪያው ብቻውን ሲቀር የሥልጣን ወሬ ይሆናል፤ ማን ተሾመ፣ ማን ወረደ። ሁለተኛው ብቻውን ሲቀር መሬት ያልነካ ምኞት ነው። ከሁለቱም የባሰው ግን ፍልስፍና ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ የተዘጋጀ መልስ ሲሆን ነው። ይህንን እኛ አገር በደም አይተነዋል፤ እመለስበታለሁ።

የአክስቴ ልጅ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ ፍሬሽማን ናት። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የሚወስዷቸው የጋራ ኮርሶች እንዳሉ ታውቃላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ወስዳችኋቸዋል። «ሎጂክ ኤንድ ክሪቲካል ቲንኪንግ» ከፍልስፍና የመጣ ነው። «ግሎባል ትሬንድስ» ደግሞ የፖለቲካ ሳይንስና የዓለም አቀፍ ግንኙነት ልጅ ነው። አንድ ቅዳሜ በቴሌግራም የደረሳትን የሎጂክ ፒዲኤፍ አሳየችኝ። «አድ ሆሚነም» የሚባለው ስህተት ላይ አስምራበታለች፤ ሐሳቡን ትቶ ሰውየውን መስደብ ማለት ነው። ግሩም አድርጋ አስረዳችኝ። በዚያው ዕለት ማታ አንድ የዜና ቪዲዮ ሥር አስተያየት ስትጽፍ በትከሻዋ በኩል አየሁ፤ «አንተ ተከፋይ! ስንት ተሰጠህ?» ትላለች። ብስቅባት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

«ውይ፣ እሱ እኮ ለፈተና ነው!»

በእሷ አልፈርድም። ሁለቱን ትምህርቶች በሁለት መሳቢያ አስቀምጠን የሰጠናት እኛው ነን። የማሰብ ሕግ በአንዱ፣ የፖለቲካ ወሬ በሌላው። በድሮ ጊዜ እንዲህ አልነበረም። አርስቶትል ስለ መልካም ሕይወት የጻፈውንና ስለ ፖለቲካ የጻፈውን እንደ አንድ ጉዞ ሁለት ምዕራፍ ነው የሚያየው። እሱና ተማሪዎቹ «ፍትሕ ምንድን ነው?» ብለው ብቻ አልተቀመጡም፤ የ158 ከተሞችን የመንግሥት ሥርዓት አሰባስበዋል ይባላል። ጠያቂም ቆጣሪም ነበሩ። በእንግሊዝ አገር የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲም ከፈረንጆቹ 1920 ጀምሮ ፍልስፍናን፣ ፖለቲካንና ኢኮኖሚክስን በአንድ ዲግሪ አጣምሮ ሲያስተምር ኖሯል። ያ ዲግሪ ብዙ ጠቅላይ ሚኒስትሮችን አፍርቷል። ሁሉም ጥሩ መሪ ሆኑ ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ።

ወደ ታክሲያችን እንመለስ። «ለሕዝብ ጥቅም» የሚለው ሐረግ የመንገድ ወሬ ብቻ አይደለም፤ ሕግ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም አስፈላጊ ሲሆን፣ ተመጣጣኝ ካሳ አስቀድሞ ከፍሎ የግል ንብረት መውሰድ እንደሚችል ይደነግጋል። አንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት ለተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው ለተነካ ሰዎች ካሳ ወይም ሌላ አማራጭ የማግኘት መብት ይሰጣል። ዝርዝሩን የያዘው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው። በስልካችሁ ፈልጋችሁ አንብቡት።

አዋጁ «የሕዝብ ጥቅም» ለሚለው ትርጉም ሰጥቶታል። በእኔ አነጋገር ላሳጥረው፤ ሥልጣን ያለው አካል፣ ለምሳሌ የአዲስ አበባ ካቢኔ፣ በጸደቀ ዕቅድ ላይ ተመሥርቶ «በዚህ መሬት ላይ የሚሠራው ነገር ለሕዝቡ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ የተሻለ ኢኮኖሚያዊና ማኅበራዊ ዕድገት ያመጣል» ብሎ አምኖ የሚወስነው ማለት ነው። ልብ በሉ። ትርጉሙ አጥርቶ የሚነግረን ማን እንደሚወስን ነው። ይህ ለፖለቲካ ተማሪ ትልቅ መረጃ ነው። «ሕዝብ» ማን ነው የሚለው ግን ክፍቱን ቀርቷል። ቁጥሩ የበዛው ወገን ነው? ገና ያልተወለዱትስ ይቆጠራሉ? የሚነሱት ሰዎች የሕዝቡ አካል ናቸው ወይስ ከሕዝቡ ውጭ ቆመው ካሳ የሚቀበሉ? የእማማ ጥያቄ ይህቺው ናት።

ሌላም ነገር አለ። ያው አዋጅ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሳ እንዳለ ይናገራል። መጀመሪያ ሳነበው ተገርሜያለሁ። ሕጉ ጉርብትና ዋጋ እንዳለው ተቀብሏል ማለት ነው። ጥሩ። ግን ዕድር ስንት ብር ነው? አንዲት እናት ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ለቅሶ ደርሳ፣ ድንኳን ስር ሽንኩርት ከትፋ፣ ወጥ አማስላ ያጠራቀመችው አንድ ነገር አለ፤ «እኔም ተራዬ ሲደርስ አልጣልም» የሚል መተማመን። ይህ በካሬ ሜትር አይለካም።

እዚህ ላይ የራሳችን ባህል የሚያስተምረን አለ። በሽምግልና የደም ካሳ ሲከፈል ገንዘቡ ሟቹን ይተካል ብሎ የሚያስብ ሰው የለም። ካሳው በዳዩ ጥፋቱን ማመኑ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች በአንድ አገር አብረው ለመኖር መስማማታቸው ነው። በቢሮ ቋንቋ ግን ካሳ ማለት የጠፋው ነገር ዋጋ ነው፤ ተከፈለ፣ አለቀ። አንድ ቃል፣ ሁለት ትርጉም። ከፋዩ «ከፍያለሁ እኮ» እያለ ተቀባይዋ «ማን አናገረኝ?» ስትል፣ ሁለቱም ሳይዋሹ ሊሆን ይችላል። ቃሉን ስላልተነጋገሩበት ብቻ ነው። ፍልስፍና ትርፉ ምንድን ነው ለሚለኝ ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

በነገራችን ላይ ጎልማሳውም ሳያውቀው እየተፈላሰፈ ነበር። «ለብዙዎች ይጠቅማል» የሚለው ክርክሩ እንግሊዛዊው ጄረሚ ቤንታም ትክክለኛ ተግባር ማለት ለብዙ ሰው ብዙ ደስታ የሚያመጣ ነው ካለው ጋር ይገጥማል። ቀላል ክርክር አይደለም። ማታ ማታ ከቀበና እስከ መገናኛ በአዲሱ መንገድ ቤተሰብ ሲንሸራሸር፣ ሕፃናት ብስክሌት ሲነዱ ሳይ እኔም ደስ ይለኛል። የእማማ ክርክር ደግሞ አሜሪካዊው ጆን ሮውልስ በፈረንጆቹ 1971 ባሳተመው መጽሐፍ ካነሳው ጋር ይቀራረባል። ሮውልስ በፍትሕ ለመወሰን ከፈለጋችሁ ነገ ማን ሆናችሁ እንደምትነቁ እንደማታውቁ አድርጋችሁ አስቡ ይላል። ነገ ጠዋት የምትነቁት በመንገዱ ላይ የሚሮጠውን ወጣት ሆናችሁ ነው ወይስ ከሰፈሯ የተነሳችውን አሮጊት? ይህን ሳታውቁ ምን ዓይነት ደንብ ታወጣላችሁ? አብዛኞቻችን «መንገዱ ይሠራ» የምንል ይመስለኛል። ግን «አሮጊቷን እንዲህ አድርጋችሁ አንሷት» የሚል አንድ ሁለት መስመር እንጨምራለን።

ያንን መስመር ለመጻፍ ደግሞ ፍልስፍና ብቻውን አይበቃም። «ዕድር ዋጋ አለው» ብለን ከተስማማን በኋላ የሚመጡት ጥያቄዎች የፖለቲካ ጥናት ናቸው። ሰዎቹ ከስንት ጊዜ በፊት ተነገራቸው? አዋጁ ያቋቋማቸው አቤቱታ ሰሚና ይግባኝ ሰሚ አካላት ስንት ጉዳይ አይተው ስንቱን ለአቤት ባዩ ወሰኑ? ቤት ሲታደል ጎረቤት ከጎረቤት ጋር አንድ ሕንፃ ላይ ይደርሰዋል ወይስ ዕጣው ሁሉንም በየአቅጣጫው ይበትናል? ይህንን የሚወስነው መመሪያ የትኛው ነው? የአንድ ሰፈር ሰው አብሮ ቢሄድ እኮ ዕድሩም አብሮ ይሄዳል፤ ድንኳኑና ድስቱ በመኪና ይጫናል። አያችሁ፤ አንድ የፍልስፍና ጥያቄ በትክክል ከተጠየቀ መጨረሻው የቢሮ መመሪያ ላይ ያደርሳል። መመሪያውን ብቻ ይዞ የተነሳ ሰው ግን ጥያቄው ራሱ ላይመጣለት ይችላል።

ሌላ ምሳሌ ከዚያው ከየካ ልስጣችሁ። ከኮተቤ ወደ ሰሜን ቀና ብትሉ የእንጦጦ ተራራ ሰንሰለት ባሕር ዛፍ ለብሶ ይታያል። ያ ዛፍ የፖለቲካ ታሪክ አለው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት እዚያው እንጦጦ ማርያም ነው። ከዚያ ከተማው ወደ ታች ወርዶ አዲስ አበባ ሲሰፋ የአካባቢው ደን አለቀ፤ የማገዶ ችግር መጣ። ነገሩ ከመክበዱ የተነሳ ንጉሡ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ግንባታ እስከማስጀመር ደርሰው ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ ቶሎ ማደጉ ነው አዲስ አበባን እዚህ ካቆዩዋት ነገሮች አንዱ። ከተማችን በማገዶ ምክንያት ልትጠፋ፣ በማገዶ ምክንያት ተረፈች ማለት ይቻላል።

ያንን ማገዶ ለብዙ አሥርት ዓመታት በጀርባቸው ያወረዱት ሴቶች ናቸው። ጎንበስ ብለው፣ ከራሳቸው የሚረዝም ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ያላየ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የእንጦጦ ፓርክ ተመረቀ፤ ዛሬ ሄደን ፎቶ የምንነሳበት ነው። ሕገ መንግሥቱ መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። እንግዲህ ያቺ «ሕዝብ» የምትል ቃል ተመልሳ መጣች። ጥበቃው እንጨት ተሸካሚዋን «የሕዝብ ሀብት ነው፣ አትንኪ» ይላታል። እሷም «እኔስ?» ብትል ምን እንመልስላታለን? ደን መጠበቅ አለበት፤ አፈሩ ከታጠበ ጎርፉ የሚወርደው ወደ ከተማው ነው። ሴትየዋም ማደር አለባት። «የሕዝብ» ማለት የማንም ያልሆነ ማለት ነው ወይስ የሁሉም? የሁሉም ከሆነ ድርሻው በምን ይታወቃል? ይህን ሳንመልስ ጥበቃ ብንጨምርም ብንቀንስም ክርክሩ አያልቅም።

አሁን በደም አየነው ወዳልኩት ልመለስ። «ሕዝብ ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ አንድ ጊዜ በጋዜጣ ገጽ ላይ በግልጽ ተከራክረንበት ነበር። በ1968 ዓ.ም. አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ «አብዮታዊ መድረክ» የሚል ዓምድ ነበር። የኢሕአፓና የመኢሶን ሐሳብ የሚጋሩ ጸሐፊዎች በዚያ ዓምድ ላይ ተፋጠጡ። አንዱ ወገን ዴሞክራሲ ለሕዝቡ ያለ ገደብ ይሰጥ አለ፤ ሌላው ለጭቁኑ እንጂ ለአድኃሪው አይሆንም አለ። ወጣቱ ጋዜጣውን እንደ ዛሬው ቲክቶክ ይጠብቀው ነበር ሲሉ የሚያወሩኝ ታላላቆች አሉ።

ያ ትውልድ ፍልስፍና አልጎደለውም። በየጥናት ክበቡ ዲያሌክቲካል ማቴሪያሊዝም የሚያነብ ትውልድ ነው። ፖለቲካም አልጎደለውም። የጎደለው በእኔ አስተያየት አንድ ነገር ነው፤ ፍልስፍናውን ሲቀበል የመጣው ከነመልሱ ነበር። ጭቁኑ ማን እንደሆነ፣ ጠላት ማን እንደሆነ፣ ታሪክ ወዴት እንደሚሄድ መጽሐፉ ጨርሶታል። የቀረው ጥያቄ «አንተ የትኛው ወገን ነህ?» የሚል ብቻ ነበር። ይህ ጥያቄ ደግሞ ከእስክሪብቶ ወደ ጠመንጃ ለመሄድ ብዙ መንገድ አልፈጀበትም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር ሲፋፋም በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች አለቁ። ኢሕአፓም መኢሶንም አልተረፉም። አፈሙዝ ደርግ እጅ ስለነበር ጥፋቱን ለክርክሩ ብቻ መስጠት ትክክል አይሆንም። ግን «ሕዝብ» የሚለውን ቃል አንዱ ወገን የግሉ ካደረገው፣ ሌላው «ፀረ ሕዝብ» ከመባል አያመልጥም። ፀረ ሕዝብ የተባለ ሰው ደግሞ ምን ሊደረግ እንደሚችል አይተናል።

ከዚያ ወዲህ የመጡት መንግሥታትም የየራሳቸውን ሐሳብ ይዘው መጥተዋል። አብዮታዊ ዴሞክራሲ ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ «መደመር» የተሰኘው መጽሐፍ ወጣ። መንግሥት በሐሳብ ልምራ ማለቱ ክፉ ነገር አይደለም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ስንቶቻችን ነን አንብበን የደገፍነው? ስንቶቻችንስ ነን አንብበን የተቃወምነው? የመንግሥትን መጽሐፍ እንደ ፈተና መልስ ከሚሸመድድና ሳይከፍት ከሚያንቋሽሸው ሰው መካከል ልዩነቱ ያን ያህል ሰፊ አይደለም። ሁለቱም አልጠየቁም።

ደግሞ ለመጠየቅ ፈረንጅ መጠበቅ የለብንም። ዘርዓ ያዕቆብ በሐተታው እንደሚተርከው፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ምክንያት አገር ሲታመስ ሸሽቶ ዋሻ ገባ፤ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። እያንዳንዱ የእኔ እውነት ነው ሲል ዳኛው ማን ነው ብሎ የጠየቀው እዚያ ነው። ጽሑፉን ራሱ ዘርዓ ያዕቆብ ጻፈው ወይስ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለው የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሚሲዮናዊ በሚለው ላይ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ። ጥያቄው ግን ከፖለቲካ ቀውስ የተወለደ ፍልስፍና መሆኑ አያከራክርም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ደግሞ ከዋሻ ሳይሆን ከጉምሩክ ነው የመጡት፤ ድሬዳዋ ጉምሩክን መርተዋል። እሳቸው ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተሰኘው መጽሐፋቸው መንግሥት ለምን ይኖራል የሚለውን ከንግዱና ከአገሪቱ ሀብት አመነጫጨት ጋር አያይዞ ያያል። ጠያቂም ቆጣሪም ማለት እንዲህ ነው። ርዕሱን ደግማችሁ እዩት፤ መንግሥትና ሕዝብ።

ወዳጆቼ፣ ስልካችሁ በቀን ስንት ጊዜ «ሕዝቡ ቆርጧል»፣ «ሕዝቡ አልተቀበለውም»፣ «ለሕዝብ ጥቅም ሲባል» የሚል ነገር ያመጣላችኋል? ሼር ከማድረጋችሁ በፊት የእማማን ጥያቄ ጠይቁ፤ የትኛው ሕዝብ? ቀጥላችሁ ደግሞ የፖለቲካ ተማሪውን ጠይቁ፤ ማን ወሰነ፣ በየትኛው ሕግ፣ ማስረጃው የታለ? ጥያቄዎቹ ለምትደግፉትም ለምትቃወሙትም እኩል ይሁኑ። ለተቃዋሚ ብቻ የሚወጣ ሎጂክ «ለፈተና» ከተያዘው አይሻልም።

ያን ዕለት ታክሲው ላምበረት ሲደርስ እማማ «ወራጅ አለ» አሉ። ጎልማሳው ተነስቶ ፌስታላቸውን ያዘላቸው፤ እጃቸውን ይዞም አወረዳቸው። መረቁት። እኔ ግን አሁንም አንድ ነገር ይቆጨኛል። ጥያቄያቸውን አንዳችንም አልመለስንላቸውም።

ቸር ሰንብቱ።